ዕድርና የወላጅ ጭንቀት



የማነሣው ጉዳይ ከሙያችን ቢርቅም ከደጃችን አይርቅም። ጫት ቅሞ የመረቀነ ወጣት ብዙ ጊዜ ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብራል፤ ይህንኑም «ጨብሲ» ይለዋል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ለመንፈስ ጭንቀት ይጋለጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ሕግ ሻጭን ይከለክላል እንጂ ወላጅን አያጽናናም። ወላጅም ሐሜትን ፈርቶ የልጁን ሕመም ይደብቃል። በልስን የተሸፈነ ስንጥቅ እንደማይጠገን እኛ መሐንዲሶች እናውቃለን።

ዕድራችን ሞት ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፤ ልጁ በሕይወት ሳለ ግን የወላጁን ደጅ የሚያንኳኳ የለም። ስለዚህ በየወሩ መዋጮ ስንሰበስብ የጤና ባለሙያ ጋብዘን ወላጆችን እናወያይ፤ የተቸገረውንም አጅበን ሐኪም ዘንድ እናድርስ። ይህን አደራ በማለት ንግግሬን እፈጽማለሁ።