ለአንድ ጥጃ ሠላሳ ሦስት ዶላር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአሜሪካ የኔብራስካ ግዛት ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘው የቼሪ አውራጃ ስፋቱ ወደ 15,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ቈጠራ የሕዝቡ ብዛት 5,500 እንኳ አልሞላም። ሳንድሂልስ በሚባለው ሣር በለበሰ የአሸዋ ኮረብታ ላይ ከሰው ይልቅ ከብት ይበዛል። አፈሩ ለማረስ ስለማይመች ነዋሪው የሚተዳደረው በእናት ላሞች ነው። ጥጃው በማርችና በኤፕሪል ይወለዳል፤ ሞቃቱን ወራት ከእናቱ ጋር ሲግጥ ይቈያል፤ በመከር ጡት ጥሎ በጨረታ ይሸጣል። የብዙው አርቢ የዓመት ገቢ ይኸው አንድ ሽያጭ ነው፤ ይህንም ልብ ማለት ያስፈልጋል፣ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ነውና።

በ2020 ኤፕሪል የኮሮና ወረርሽኝ ታላላቆቹን የሥጋ ፋብሪካዎች በመታ ጊዜ አንዳንዶቹ ተዘጉ፤ ሌሎቹም ሥራቸውን ቀነሱ። በወሩ መጨረሻ የሚታረደው ከብት ካለፈው ዓመት በሲሶ ያህል አነሰ። ገዢ ያጣው ከብት ዋጋው ሲወድቅ የሥጋው ዋጋ ግን ሰማይ ነካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመቶ ፓውንድ ከ66 ዶላር ተነሥቶ በሜይ አጋማሽ ወደ 279 ዶላር እንደ ደረሰ የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ራሱ መዝግቧል።

መንግሥት ለገበሬውና ለአርቢው 16 ቢሊዮን ዶላር በቀጥታ ለመክፈል ወሰነ። ማመልከቻ መቀበል የተጀመረው በሜይ 26 ሲሆን፣ የአውራጃ ጽሕፈት ቤቶች ለባለጉዳይ በራቸውን ዘግተው ስለ ነበር ሥራው በስልክና በፖስታ ይካሄድ ነበር። መጀመሪያ ይሰጥ የነበረው ከሂሳቡ 80 በመቶው ሲሆን፣ አንድ ሰው ከ250,000 ዶላር በላይ አያገኝም ነበር።

ችግሩ የነበረው በቀኑ ላይ ነው። ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ፣ ክብደቱ 600 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሆነ ወይፈን ወይም ጊደር 139 ዶላር ይከፈል ነበር። ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ገና በባለቤቱ እጅ ለነበረ ከብት ግን፣ ጥጃም ይሁን ላም፣ የሚከፈለው 33 ዶላር ብቻ ነበር። ስለዚህ መቶ ከብት በማርች የሸጠ 13,900 ዶላር ሲያገኝ፣ መቶ ጥጃ በመስኩ ላይ የያዘው የቼሪ አርቢ በጥጆቹ 3,300 ዶላር ያገኝ ነበር። ሕጉ የለካው ያለፈውን ጉዳት ነበርና፣ በመከር ሊመጣ ያለውን የሚለካበት ሚዛን አልነበረውም። ደንቡን የጻፈው ሰው ክፋት አላሰበ ይሆናል፤ የሳንድሂልስን የጥጃ ዘመን ግን አላሰበበትም።

በሴፕቴምበር የታወጀው ሁለተኛው ክፍያ ጥቂት አሻሻለው፤ በአንድ ራስ 55 ዶላር ሰጠ። ይሁን እንጂ ለእርባታ የተያዙትን እናት ላሞች ከቈጠራው አወጣ፤ ሣሩንና ድርቆሹን የሚበሉት ግን እነርሱው ናቸው።

በማርች 2021 እንደ ገና ተጨማሪ ክፍያ ታወጀ። በቀድሞው ማመልከቻ ለተመዘገቡት፣ ከ600 ፓውንድ በታች ለሆኑት ጥጆች የደረሰው በአንድ ራስ 7 ዶላር ነው። በመከር የተሸጡት ጥጆች ያን ጊዜ ከአርቢው እጅ ከወጡ ወራት አልፏቸው ነበር።