ሦስት ፊልሞች፣ ሦስት ዳኞች
(በተማሪዎች የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ፊልም በተነሣ ቁጥር በመኝታ ቤታችን «ከተዋናዮች ሁሉ ማን ይበልጣል?» የሚል ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። አንዱ የሆሊውዱን ያነሣል፤ ሌላው የሕንዱን፤ ሦስተኛው ደግሞ ያስለቀሰውን ሁሉ ታላቅ ተዋናይ ይለዋል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከሦስተኛው ወገን ነበርኩ። ባለፈው ዓመት በድራማ ክበባችን የገበሬ ቦታ ተሰጥቶኝ እንዴት እንደ ጮኽኩ፣ መሬቱንም በጡጫ እንዴት እንደ ደበደብኩ ታስታውሳላችሁ። ጭብጨባው ብዙ ነበር። ዛሬ ግን ያ ጭብጨባ ያሳፍረኛል። ያሳፈሩኝም በዩኒቨርሲቲያችን የትወና ትምህርት ያልተማሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱን ያገኘሁት በጅማ መንገድ በሰበታ፣ ሁለተኛዋን በአምቦ መንገድ በቡራዩ፣ ሦስተኛውን ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ በሱሉልታ ነው።

የሰበታው ዳኛ ከእኛው መካከል የሚማር ጓደኛዬ ነው። ዓይኑ አያይም፤ ልጅነቱን ያሳለፈውም በሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። በዕረፍት ጊዜ በተከራየው ቤት ሆነን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ከፈትን። ይህ ፊልም በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በሚቀጥለውም ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ነው። ከጀርመን ተምሮ በጣና ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ የተመለሰውን አንበርብርን የሚጫወተው አሮን አረፈ ነው። እኔ ንግግር የሌለበትን ቦታ እየነገርኩት ሳለ ጓደኛዬ እጄን ያዘና «እስቲ ቆይ፤ አረማመዱን ልስማው» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም «የሚጎትተው እግሩን ብቻ አይደለም፤ ወደ ቤቱ መድረሱንም ፈርቶታል» አለ። እኔ ስክራችና ሰው ሠራሽ እግር ብቻ ነበር ያየሁት። አንበርብር እግሩን እንዴት እንዳጣ ፊልሙ ቶሎ አይነግረንም፤ እርሱ ራሱም አያስታውሰውም። ስለዚህ ተዋናዩ ያን ሁሉ ያልተነገረ ታሪክ በአረማመዱ መሸከም ነበረበት። ጓደኛዬ ይህን ከየት እንደ ተማረ ስጠይቀው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ካነበበው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው አለኝ። አንድ ሰው ከማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብሎ ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ሰብለ ወንጌልንም፣ ጉዱ ካሣንም ሆነ። መድረክም ልብስም አልነበረውም፤ የነበረው እስትንፋሱን መቼ እንደሚይዝና መቼ እንደሚለቅ ማወቁ ነው።

የቡራዩዋ ዳኛ ታናሽ እኅቴ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ነው። አብረን ያየነው በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን «ድፍረት» ነበር። ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው፤ ሂሩት የምትባል የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትል በራሱ በጠላፊዋ ጠመንጃ ትገድለዋለች። ሂሩትን የምትጫወተው ትዕግሥት ሳይሆን ትዝታ ሀገሬ ናት፤ ስሟን ደጋግሜ ስለምስት እኅቴ ታርመኛለች። ለእኔ ትልቁ ትዕይንት ተኩሱ ነበር። እኅቴ ግን «እኔን ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ሲጠይቋት ዝም ማለቷ ነው» አለችኝ። «ፈርታ ነዋ» አልኳት። «አይደለም» አለች፤ «የሚያምናት እንደሌለ ስለምታውቅ ነው።» ይህን ስትል ወደ እኔ አልተመለከተችም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ቢያገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረውን በር ዘግቷል፤ ሕግ መውጣቱ ግን መንገድን ሁሉ የደኅና አያደርግም። በዚያ ምሽት እኅቴን በየትኛው መንገድ ከትምህርት ቤት እንደምትመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት። አንዲት ልጅ በፊልም ላይ በትክክል ዝም ብላ፣ እኔ ወንድሟ ለዓመታት ያልጠየቅሁትን አስጠየቀችኝ። ከዚህ የሚበልጥ ትወና አላውቅም።

የሱሉልታው ዳኛ የአንድ ጓደኛችን አባት፣ ገበሬ ናቸው። እርሳቸው ያዩት ኃይሌ ገሪማ ገና ተማሪ ሳለ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ያነሣውን፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከዚያ በፊት በፊልም ያልሠሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ተማሪዎቹ በሬዎቹ ሲያርሱ ረዘመብን፤ ሽማግሌው ግን ወደ ላፕቶፑ ተጠግተው «ይህ ሰው ዕርፍ ይዞ ያውቃል፤ አያታልለኝም» አሉ። ጓደኛችን ከኋላ ሆኖ ጠቀሰኝ፤ የእኔን መድረክ አይቶ ነበርና።

ቀጥሎ መላኩ መኮንን የተጫወተው ከበበ መጣ። ከበበ መሬቱን ተነጥቆ እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ነው፤ በመጨረሻም ባለመሬቱን የሚገድለው እርሱ ነው። ቡትቶ ለብሶ ሲናገር እኛ በአነጋገሩ ሣቅን። ሽማግሌው አልሣቁም። «እብድ አይደለም» አሉና ተነሥተው ወደ ከብቶቻቸው ወጡ። ከዚያ በኋላ ነው ልጃቸው የነገረን፤ ከማሳቸው ከፊሉ ለቤት መሥሪያ ከሄደ ቆይቷል፤ የቀረውም መቼ እንደሚለካ አያውቁም። በእነዚህ ሦስት ከተሞች ዙሪያ የመሬት ነገር ስንት ኀዘን እንዳመጣ፣ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያያይዘው ማስተር ፕላን በተቃውሞ ምክንያት በጥር 2008 ዓ.ም. እንደ ተሰረዘ ሁላችን እናውቃለን። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ይህን ሁሉ እኔ ከዜና ሰምቼዋለሁ። ትርጉሙን የተረዳሁት ግን እኒያ ሰው ከፊልሙ ተነሥተው በወጡ ጊዜ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እንግዲህ ጩኸትና ዕንባ ትወና አይደሉም ማለቴ አይደለም። ከበበም ይጮኻል። ነገር ግን ከጩኸቱ በፊት ነገሩን ያውቀዋል። እኔ በመድረካችን የጮኽሁት የማላውቀውን ነበር፤ ያጨበጨባችሁልኝም እናንተ እንደ እኔው የማታውቁት ስለሆናችሁ ነው። በዚያ አዳራሽ አንድ ገበሬ ቢኖር ኖሮ ባላጨበጨበ።

ስለዚህ ለድራማ ክበባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አዲስ ድራማ ስናዘጋጅ ከመምህራኖቻችን ግምገማ አስቀድሞ፣ የምንጫወተውን ኑሮ የሚኖር አንድ ሰው ከፊት ወንበር እናስቀምጥ፤ እርሱ «አያታልለኝም» ካለን በኋላ ወደ መድረክ እንውጣ። እኔ ለራሴ ሽማግሌውን ለምኛቸዋለሁ፤ በመጪው ክረምት ሱሉልታ ሄጄ ዕርፍ መያዝ እማራለሁ። «ና» ብለውኛል፤ «ማሳው እስከዚያ ከቆየ» ብለውኛል።