ነፋሱ ከኋላ ሲሆን
(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከፍታችሁ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከቁጥር 54 እስከ 56 እንድታነቡ እጋብዛችኋለሁ። ሰዎቹ ከደመናውና ከነፋሱ የቀኑን አየር ማወቅ ይችሉ ነበር፤ የቆሙበትን ዘመን ግን አላስተዋሉም። ጌታ የወቀሳቸው በዚህ ነው።

ይህ ቃል በደንብ የገባኝ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእስራኤል አገር ያሉ ወገኖቻችንን ለማገልገል ሄጄ፣ በቀይ ባሕር ጫፍ ወዳለችው ወደ ኤላት ከተማ ወሰዱኝ። እዚያ ሰዎች መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርገው፣ ፊታቸውን ውሃው ውስጥ ደፍተው ዓሣውንና ኮራሉን ያያሉ፤ ስኖርክል ይሉታል። እኔም ልሞክር ብዬ ተነሣሁ። ዳር ላይ ውሃው እንደ መስታወት ነው። "ዛሬማ ጌታ ባሕሩን ጸጥ አድርጎልናል!" አልኩ። በከተማው የሚኖር አንድ ወንድም ግን ክንዴን ያዘና፣ "ፓስተር፣ ይቆዩ እስቲ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተዋል?" አለኝ።

ዞር ስል የዘንባባው ቅጠል ሁሉ ወደ ባሕሩ ተጋድሟል። ኤላት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ ነው፤ በሰሜኑ ዳርቻ ከየብስ ወደ ባሕር ይገፋል። ምን መሰላችሁ፣ ነፋስ ከባሕር ሲመጣ ማዕበሉ እግራችን ድረስ ስለሚደርስ አይተን እንፈራለን። ከየብስ ሲነፍስ ግን ዳሩን አስተኝቶ ሰውን ወደ ጥልቁ ይወስዳል። ፊቱን ደፍቶ ዓሣ የሚያይ ሰው መወሰዱን አያውቅም። ቀና ሲል ዳርቻው ርቋል፤ ልመለስ ሲል ነፋሱም ሞገዱም ፊቱን ይመታዋል። ያ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ጥልቀቱ ከ1800 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለው።

ያ ወንድም የሚያየውን አሳየኝ። መጀመሪያ ባንዲራውን፦ በዚያ አገር ነጭ ከሆነ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ አደጋ አለ፣ ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ቀጥሎ ዳሩን ሳይሆን ራቅ ያለውን ውሃ ያያል። አናቱ ነጭ አረፋ የሆነ ሞገድ በብዛት ከታየ ነፋሱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም። ትልልቁ ማዕበል ተከታትሎ መጥቶ ደግሞ ጋብ ስለሚል አንድ ጊዜ አይቶ አይገባም፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ይመለከታል። መውጫውን ሳያውቅ አይገባም፤ ብቻውንም አይገባም። ነፋሱ በዳርቻው ጎን የሚያልፍ ከሆነ መጀመሪያ ነፋሱን ገጥሞ ይዋኛል፤ ሲደክመው ነፋሱ ይመልሰዋል። በየጥቂት ደቂቃውም ቀና ብሎ ዳር ላይ የመረጠውን ምልክት ያያል። ከየብስ የሚገፋ ከሆነ ግን ይተወዋል። እኛም ያን ቀን ተውነው።

"ጌታ ይጠብቀኛል" ብሎ መግባት እምነት አይደለም ወይ የምትሉ አላችሁ? ሰይጣንም እኮ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል ብሎት ነበር። ጌታ አልዘለለም። እግዚአብሔርን መፈታተን እምነት ሆኖ አያውቅም።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ለእኔ ሁሉ ጸጥ ያለ ነበር። አገልግሎቴ ሰፍቷል፣ ሰው ይወደኛል፣ ግብዣው ብዙ ነው። ከመሄዴ በፊት ባለቤቴ፣ "ስለ ጌታ ታወራለህ እንጂ ከጌታ ጋር ማውራት ትተሃል" ብላኝ ተቆጥቼ ወጥቼ ነበር። ማታ ማደሪያዬ ገብቼ የዘንባባው ቅጠል ትዝ አለኝ። ነፋሱ ለካ ከኋላዬ ነበር! ደወልኩላትና ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከዚያም ተንበርክኬ አለቀስኩ።

የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 2 ሲጀምር የሚያስጠነቅቀን ከሰማነው ቃል ቀስ ብለን እንዳንወሰድ ነው። በሐዋርያት ሥራ 27ም የጳውሎስን መርከብ ያሳሳታት ማዕበሉ አልነበረም፤ ቀድሞ የነፈሰው ለስላሳው የደቡብ ነፋስ ነው። የመቶ አለቃው ከጳውሎስ ይልቅ መሪውንና ባለ መርከቡን ሰማ፤ ዓውሎው የመጣው ከተነሡ በኋላ ነው። መርከቢቱ ጠፋች። ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ 276ቱም ነፍስ በሕይወት ወደ ምድር ደረሱ!

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ሥራው ተሳክቶልሽ፣ ደመወዙ ጨምሮልህ፣ ጤናው ሞልቶ፣ ጸሎቱ ግን ቀርቶ ይሆን? የመከረህን ሰው ተቆጥተኸው ይሆን? የሕይወትህን ደኅንነት በዳሩ ጸጥታ አትለካ። ቀና በልና ምልክቱን፣ መስቀሉን እይ፤ ምን ያህል ርቀሃል? ጉልበትህ ሳያልቅ ዛሬ ተመለስ። ጌታን ገና ያልተቀበልህም ብትሆን እጁ ተዘርግቷል። አሁን ካለህበት ሆነህ አብረን እንጸልይ፦

"ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ሳላውቀው ርቄያለሁ። በራሴ ጉልበት መመለስ አልችልም። በደምህ አንጻኝ፤ ያዘኝና ወደ አንተ መልሰኝ። አሜን።"

ይህን ጸሎት የጸለያችሁ ሁሉ በአቅራቢያችሁ ወዳለች የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሂዱና ለአንድ አገልጋይ ንገሩ። ብቻውን ወደ ባሕር የሚገባ ሰው የለምና። ጌታ ይባርካችሁ።