የትምህርት ቤት ቦርድ ሥልጣንና የመንግሥት ረዳትነት



የዛሬው ንግግራችን ትምህርት ቤት ሲደክም ማን ሊያነሣው ይገባል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ምሳሌያችን ሐይቅና አምባሰል ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ስለ ነበር፥ ትምህርት ለዚህ አገር ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ሐይቅንና የአምባሰልን ከተማ ውጫሌን ስላዳረሰ፥ በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ የፈረሱም አሉ። እንዲህ ያለው ጉዳት ከቀበሌ ዐቅም በላይ ስለ ሆነ የመንግሥት ርዳታ ግዴታ ነው።

ነገር ግን መርዳትና መተካት የተለያዩ ናቸው። ሕዝብ ለትምህርት ገንዘብ ማዋጣቱ የቈየ ነገር ነው፤ በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር በዐዋጅ ተጥሎ ነበር። ዛሬም ወረዳው የመምህራንን ደመወዝ ሲከፍል፥ ለጥገናና ለወንበር ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ወላጅ ነው። የቀበሌው የትምህርት ቦርድ የሚጠራው መዋጮ ለመሰብሰብ ብቻ ከሆነ ግን፥ ስም እንጂ ሥልጣን የለውም። ድንጋይና አሸዋ ያቀረበ ወላጅ፥ ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለና መምህሩ ስለ ምን ከክፍል እንደ ቀረ የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ስለ ደከመ ትምህርት ቤት ውሳኔ ስታዘጋጁ ሦስት ነገር አትርሱ። አስቀድሞ ቦርዱ ይጠየቅ፤ ሒሳቡ በወላጆች ፊት ይነበብ፤ ከላይ የተላከው ኀላፊ ሥራውን ለቦርዱ የሚመልስበት ጊዜ ይወሰን። እንዲህ ከሆነ ሹም ቢለወጥ እንኳ ትምህርት ቤቱ ባለቤት አያጣም።