ያገለገለ የቤት መኪና ስንገዛ የሞተሩን ልክ ስለ መምረጥ
(ለዕድራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ቢሆንም፣ በተሰበሰብን ቁጥር ስለ ኑሯችን መመካከሩም የቆየ ልማዳችን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችን የዓመታት ቁጠባችንን ስለምናወጣበት ስለ ያገለገለ መኪና፣ ይልቁንም «ስንት ሲ.ሲ. ይሻላል?» ስለሚለው ጥያቄ ነው።

ሲ.ሲ. ማለት ፒስተኖቹ ሲመላለሱ የሚጠርጉት የሲሊንደሮቹ ይዘት ድምር ነው። 1000 ሲ.ሲ. አንድ ሊትር ይሆናል። ይዘቱ በሰፋ መጠን ሞተሩ ብዙ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ጉልበቱም ይጨምራል።

ይህ ቁጥር ዋጋንም ይወስናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአውቶሞቢሎች ላይ እስከ 1300 ሲ.ሲ. 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ድረስ 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ 100 በመቶ ጥሎ ነበር። ባለ 1000ና ባለ 1300 ቪትዝ በየከተማው የበዛው እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም። የ2012 ዓ.ም. አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ታክሱን እጅግ አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ የምንመርጠው አገር ውስጥ ከቆዩት፣ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፉት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ባለ 1000 የተባለው እኛ ዘንድ የሚሠራው እንደ ባለ 800 ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ የኛ ሰፈር መኪና ባዶዋን አትሄድም፤ በሽተኛ ትወስዳለች፣ ለቀስተኛ ታደርሳለች። አምስት ሰውና አንድ ጆንያ እህል ይዛ ከጉደር ወደ ጌዶ ስትወጣ ትንሿ ሞተር ከሁለተኛ ማርሽ አትወጣም፤ ትጮኻለች፣ ትግላለች፣ ቤንዚኑንም ትጠጣለች። ትንሽ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው በከተማና በሜዳ ነው። ከጌዶ ወደ ባኮ ስንወርድም በከባድ ማርሽ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ትንሽ ሲሆን ሸክሙ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ ይከዳል።

እንግዲህ ነቀምት ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ፣ ሁለት ሦስት ሰው ለሚጭን፣ 1000 ይበቃል። ከኑኑ ቁምባ ቤተሰቡን ይዞ ነቀምትና አዲስ አበባ ለሚሄድ ከ1300 እስከ 1600 ያለው ይመረጣል። ከ1800 በላይ ያለው ግን በነዳጅና በመለዋወጫ ኪስ ያራቁታል።

ቢሆንም ቁጥሩ ብቻውን አያድንም። የደከመ 1600 በጤነኛ 1300 ይበለጣል። ስለዚህ ሞተሩን ጧት ሳይሞቅ እናስነሳው፤ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ሰው ጭነን ዳገት እንሞክረው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር እናስተያይ። ደላላው ቢያጣድፈንም የምናምነውን መካኒክ ሳናሳይ ቀብድ አንስጥ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

በመንገድ አደጋ የሚመጣ ሐዘን ምን ያህል እንደሚከብድ ከዕድር የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው ከዋጋው በፊት ዳገቱንና ቁልቁለቱን እናስብ ያልነው።