ደም ስለማይታይበት ቁስል

(በሂሊያርድ፣ ኦሃዮ፣ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጦርነት፣ ከእስር፣ ከግርፋት ወይም ከስደት መንገድ የተረፈ ወገናችን አደጋው ካለፈ በኋላ ሌሊት ይባንናል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ሐኪሞች ይህን ድኅረ አደጋ የአእምሮ ጭንቀት ይሉታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሕመሞች መዝገቡ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ለዚህም የቬትናም ዘማቾች ጩኸት ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ሕጉ ዘግይቶ ተከተለ። በ1990 የወጣው የጉዳተኞች ሕግ የአእምሮን ሕመም ቢያቅፍም ፍርድ ቤቶች ትርጉሙን እያጠበቡት ብዙ ሰው ከደጅ ተመለሰ። ሕጉ በ2008 ተሻሻለ፤ የ2011 ደንብም ሕመሙን በስሙ ጠራው። እንግዲህ በኮሎምበስ መጋዘን የሚሠራ ሰው፣ አሠሪው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት፣ በዚህ ሕመም ምክንያት የሥራ ሰዓቱ እንዲለወጥለት ወይም ጸጥ ያለ ቦታ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ለዜግነት የሚያመለክትም፣ ሕመሙ እንግሊዝኛ እንዳይማር ካገደው፣ ሐኪም ኤን-648 በተባለው ቅጽ መስክሮለት ከፈተናው ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል።

ግን ማን ይጠይቃል? «እብድ ይሉኛል» ብሎ የሚፈራ አይጠይቅም። ቡና ላይ ስለ ወገብ ሕመም ስናወራ እናመሻለን፤ ስለዚህኛው ሆድ ይፍጀው ነው። ቋንቋችንም አልረዳንም፤ «አካል ጉዳተኛ» ሲባል ዓይንና እግር እንጂ አእምሮ ለማን ይታሰበዋል?

የአገራችን ሕግ ግን ከስሙ ይሰፋል። በእኛ አቆጣጠር በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አርእስቱ አካል ጉዳተኞች ቢልም በትርጓሜው የአእምሮን ጉዳት አስገብቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም እንዲሁ። ችግሩ አዋጁ የሥራ ስምሪት አዋጅ መሆኑ ነው፤ የሚጠብቀው ተቀጣሪንና ሥራ ፈላጊን ነው። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በነደደው ጦርነት፣ ኋላም በ2023 በአማራ ክልል በተነሣው፣ ልጁ ፊቱ የተገደለበት ገበሬ አሠሪ የለውም። የተደፈረችው እናት ከማን ፈቃድ ትጠይቅ? የጎደለው ይህ ነው፤ ለእነርሱ ሕክምናና መተዳደሪያ የሚያስገኝ እውቅና ልንጠይቅ ይገባል።

እስከዚያው ሕግ የምታጠኑ የአዋጁን ትርጓሜ በተራ አማርኛ ጽፋችሁ ለአገር ቤት ጓደኞቻችን ላኩ። እዚህ ያለነውም ለቅጹ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱትን አባት ይዘናቸው እንሂድ። አስተርጓሚያቸው ግን ልጃቸው አይሁን፤ በልጅ ፊት የማይነገር ብዙ ነገር አለና።