ቃል የተገባ ጦርና የደረሰ ጦር
(ኪራሙ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)



እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ዲግሪዬን ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። ሥራ ባይኖርም ጊዜ አለ፣ አነባለሁ። እናንተ ደግሞ ስልካችሁን ስትከፍቱ የምታዩት "ጦር ይግባ!" "በለው!" ነው። ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት እግረኛ ጦር ሰው አገር ማስገባት ምን እንደሆነ ከራሳችን ታሪክ ላሳያችሁ።

ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ሠራዊታችን የሶማሊያን የሽግግር መንግሥት ሊደግፍ ዘመተ። ታኅሣሥ 19 ሞቃዲሾ ከእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት እጅ ወጣች። ልብ በሉ፣ ገና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የፀጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1725 የቀጣናው አገሮች ጦር እንዲገባ ሲፈቅድ፣ ድንበርተኛ አገሮች ወታደር አይላኩ የሚለውን ሐሳብ ደግፎ ነበር። አገር ወዳድ ነን ብለን ይህን ማቃለል የለብንም። የ1969ኙን ጦርነት ሁለቱም ሕዝብ አልረሳውም። እኔ ሶማሊያዊ ብሆን የጎረቤቴን ታንክ ደጄ ላይ ማየት አልወድም።

አሜሪካስ? ከአየር መታች፣ እግረኛ ጦሯን ግን አላሰለፈችም። መስከረም 1986 ሞቃዲሾ ላይ በአንድ ውጊያ 18 ወታደሮች ሞተውባታል፤ እሷም አልረሳችም።

እንግዲህ አቶ መለስ በሳምንታት ውስጥ እንወጣለን ብለው ነበር። ተተኪው የአፍሪካ ኅብረት ጦር፣ አሚሶም፣ 8,000 ሰው ይሆናል ተባለ። ናይጄሪያ እልካለሁ አለች። ጋናም፣ ማላዊም። የካቲት መጨረሻ ላይ ዩጋንዳ ደረሰች። ብሩንዲ ዘግይታ ተከተለች። ሌሎቹስ? ስብሰባ ላይ ነበሩ! ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል እንኳ የ8,000ው ግማሽ አልደረሰም። ፈሪ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ገንዘቡን ማን ይክፈል፣ የሚጠበቅ ሰላም በሌለበት ሰላም አስከባሪ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነበር። ግን ጥያቄው የተነሳው የእኛ ልጆች ከገቡ በኋላ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሎሚውን ብቻችንን ተሸከምነው።

ጥር 2001 ሠራዊቱ ወጣ። የሽግግሩ ፓርላማ መቀመጫ የነበረችው ባይደዋ በማግሥቱ በአልሸባብ እጅ ገባች። በማግሥቱ! ሁለት ዓመት ሙሉ የተከፈለው ሕይወት የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አገሩን አይጠላም።

ጥር 2006 ኢትዮጵያ 4,395 ወታደር ይዛ አሚሶምን ተቀላቀለች። በዚህ በኩል አውሮፓ ኅብረት አበል ይከፍል፣ አፍሪካ ወታደር ይልክ ነበር። አንዱ ብር ይሰጥ፣ ሌላው ልጅ ይሰጥ ነበር። ከዚያ አውሮፓ አበሉን 20 በመቶ ቀነሰ፣ ወታደር የላኩት አገሮች አኮረፉ። ጥቅምት 2009 ከአሚሶም ውጭ የነበረው ጦራችን ከአንዳንድ ቦታዎች ሲወጣ፣ መንግሥታችን የዓለም አቀፉን ማኅበረሰብ ድጋፍ ማነስ አንስቷል። በ2016 ደግሞ በሶማሌላንዱ ስምምነት ሰበብ ሞቃዲሾ ተቆጥታ፣ የኢትዮጵያ ጦር ይውጣ፣ የግብፅ ይግባ እስከማለት ተደረሰ። ትናንት የሞትክለት አጋር ዛሬ ተተኪህን ይመርጣል ማለት ነው።

እናንተ ኪራሙ የተቀመጣችሁ ልጆች ይህ ሊርቃችሁ አይገባም። "ኃይል እየመጣ ነው፣ ጠብቁ" የሚለውን ቃል እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደሚያስረዝመውም እናውቃለን።

ሶማሊያ የዘመቱ አንድ ጋሼ ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ስለ ውጊያ ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ግን "ጋሼ፣ እዚያ ምን ይከብድ ነበር?" አልኳቸው።

"መጠበቅ" አሉኝ። "ተተኪ በዚህ ወር ይመጣል ይሉናል፤ ወሩ ያልቃል።"

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።